በሰው እጅ የመጣ ጠጠር

ስሟን የሚያውቅ አይናገራት፣ የማያውቃትም አይጠይቅ፤ ከገደል አናት ተነሥታ እስከ ገደል ሥር የተዘረጋች አንዲት አገር ነበረች። የላይኛዋ ከተማ አናት ትባላለች። ደጋ ናት፤ ገበያዋ የደራ፣ ሰዎቿም አንደበተ ርቱዕ ናቸው። የታችኛዋ መንደር እግር ሥር ትባላለች። ቆላ ናት፤ ማሽላና ሎሚ ታበቅላለች፣ ሰዎቿም ነገር አያበዙም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የወል መንገድ ነበር።

ይህን መንገድ ንጉሥ አላዘዘውም፤ ባለጸጋም አላሠራውም። አንዱ ድንጋይ ጠረበ፣ ሌላው ድልድይ ጣለ፣ ሌላው ደግሞ በገደሉ ጠርዝ መደገፊያ ገመድ ዘረጋ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ መንገድ ሆነ። ቀረጥ የለበትም፣ በረኛ የለበትም፤ ያሻው ይሄድበታል፣ ያሻው ይጠግነዋል። የሌላ አገር እንግዳ መጥቶ አይቶ ሲደነቅ «ባለቤቱ ማን ነው?» ይላል። የአገሩ ሰው ደረቱን ነፍቶ «እኛ!» ይለዋል። «የሚጠግነውስ?» ሲባል ግን ሁሉም ወደ ጎን ይመለከታል። ጠጋኞቹ ጥቂት ነበሩና። የራሳቸውን እርሻ አርሰው፣ የራሳቸውን ከብት አጠጥተው በተረፋቸው ጊዜ መሮና መጥረቢያ ይዘው የሚወጡ፣ ደሞዝ የሚባል የማያውቁ ሰዎች ነበሩ።

ጠጋኙ ጥቂት፣ ስብራቱ ብዙ ሆነና በድሮው ዘመን ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ይጮህ ነበር። አንዱ «በእኔ በር በኩል ደረጃው ተናደ!» ሲል ሌላው «እኔም ጋ!» ይላል፤ ከኋላ ያለው ምን እንደተባለ ሳይሰማ «እኔም! እኔም!» ይላል። ጠጋኞቹ የተሰበረው ምን እንደሆነ ሳያውቁ ይመሻል። በመጨረሻ ድምፁ የጎላው ወይም ለአለቃው ሙክት የነዳው ያሸንፋል።

ይህ ነገር ያንገበገበው ማንያዘዋል የሚባል ጎልማሳ ነበር። አንድ ቀን ከሕዝቡ መካከል ተነሥቶ እንዲህ አለ፦

«ጩኸት ይቅር። የተሰበረ ነገር ያየ ሰው አደባባይ ላይ ችካል ይትከል፤ ምን እንደተሰበረ አንድ ጊዜ ተናግሮ ዝም ይበል። ያ ስብራት የሚያስቸግረው ሁሉ ከችካሉ ሥር አንዲት ጠጠር ያኑር። ክምሩ ከፍ ያለው ይቅደም። ጌታም ሆነ ድሃ ጠጠሩ አንዲት ናት።»

አደባባዩ በእልልታ ተናጋ። እውነት ለመናገር ሕጉ መልካም ነበር። ሙክት መንዳት ቀረ፤ መበለቷም እንደ ባለርስቱ ጠጠሯን ጥላ ትሄድ ጀመር። ማንያዘዋልን ክምር ለኪ አድርገው ሾሙት፤ ረጅም የወይራ ዘንግም ሰጡት። በዚያ ዘንግ ክምሮቹን እየለካ ጸጉሩ ሸበተ። ከማንም ጉቦ አልበላም። ለወንድሙ ክምር እንኳ አንዲት ጣት አልጨመረም። በሰፈሩ ሲያልፍ ሰው ከመቀመጫው ይነሣለት ነበር፤ እሱም ይህ መነሣት ይገባኛል ብሎ ያምን ነበር።

ሕግ ግን እንደ ልጅ ነው፤ ካደገ በኋላ ወላጁን አይጠይቅም። በመጀመሪያ ብልጦች የዘመዶቻችን ነው እያሉ ጠጠር በአህያ ጭነው ያመጡ ጀመር። ስለዚህ «በሰው እጅ የመጣ ጠጠር ጠጠር አይደለም» የሚል ተጨመረ። ቀጥሎ ችካሉ በዝቶ አደባባዩ መቆሚያ አጣ። ስለዚህ ይርዳው የሚባል ሰው ችካል ነቃይ ሆኖ ተሾመ። ጨረቃ ሞልታ እስክትጎድል አዲስ ጠጠር ያልወደቀበት ችካል ሲያይ ቆቡን ያወልቃል፣ እጅ ይነሣል፣ ከዚያም «ስለዚህ ጉዳይ የሚያስብ ያለ አይመስልም፤ በሰላም ይረፍ» ብሎ ይነቅለዋል። የችካሉ ባለቤት አጠገቡ ቆሞ «ኧረ እኔ አለሁ!» ቢል እንኳ ይርዳው በትሕትና ራሱን ይነቀንቅና «ጠጠር እንጂ ሰው አልሰማም» ይላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊቀ ጠጠር እንግዳወርቅ ነበሩ። የካባቸው ዘርፍ ዙሪያውን በጠጠር ስለተጠለፈ ሲራመዱ ገና ከሩቅ ይንሿሿል።

ታሪኩ በሆነበት ዓመት በአደባባዩ ከፍ ብሎ የታየው ክምር የመደገፊያው ገመድ ነበር። ገመዱ ነጭ ነው፣ በቀትር ፀሐይ ዓይን ይወጋል፣ ጥቁር ይነከር የሚል ነው። ባለችካሉ አዝማሪ አስገጥሞ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ወጣቱን ሁሉ ሰብስቦ ነበርና ክምሩ የሰው ትከሻ ደረሰ። ጠጋኞቹም በአለቃቸው በሽበሺ እየተመሩ በጋውን ሙሉ ገመዱን ከላይ ወደ ታች ጥቁር ይነክሩ ጀመር። ሁለተኛው ክምር ደግሞ ወደ አደባባዩ የምትወስደዋ ጉራንጉር ትስፋ የሚል ነበር፤ ጠጠር ይዘው የሚመጡ ሰዎች እየተጋፉ ተቸግረዋልና።

በዚህ መካከል አንዲት ሴት መጣች። ትጓደድ ትባላለች፤ የእግር ሥር ሰው ናት። ነጠላዋ በአቧራ ቀለሙን ለውጧል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። በወል መንገድ አልመጣችም። በረሃውን አቋርጣ፣ በጎረቤት አገር ዞራ፣ ከሰው ደጅ እያደረች ነው የመጣችው። አደባባዩ ዳር ችካሏን ተከለችና እንደ ሥርዓቱ አንድ ጊዜ ተናገረች፦

«ጉሮሮ ላይ ያለው መሰላል ተሰብሯል።»

ጉሮሮ የሚሉት የመንገዱን መጨረሻ ነው። ገደሉ እንደ ጉሮሮ ይጠብና መንገዱ እዚያ ላይ መሰላል ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ እግር ሥር ነው፤ መሰላሉም ከላይ በገመድ የሚይዝ ሰው ከሌለ ከታች ብቻ አይጠገንም። የአናት ሰው እዚያ ድረስ አይወርድም፤ ሎሚውንም ማሽላውንም የእግር ሥር ሰዎች ራሳቸው ተሸክመው ያመጡለታልና። ሎሚ ከገበያ ከጠፋ ሰንብቶ ነበር፤ ሰዉም ዘንድሮ አላፈራ ይሆናል ብሎ ተወው።

ትጓደድ የራሷን ጠጠር ከችካሉ ሥር ካኖረች በኋላ ከጉያዋ አንዲት ከረጢት አውጥታ ወደ ማንያዘዋል ቀረበች።

«ጌታዬ፣ እነዚህ የጎረቤቶቼ ናቸው» አለች። «ይቺ ቀይዋ የአባ መንክር ናት፤ ዓይናቸው አያይም፣ ዳብሰው ነው የመረጧት። ይቺ የሽታዬ ናት፤ ባለፈው ምጥ ጠንቶባት ወደ ላይ የሚያወጣት አጥተን ልጇን ቀበርን። ይቺ ደግሞ የወንድሜ የባይለየኝ ናት። የመንደሩ ሁሉ አለ፤ ማንም አልቀረ።»

ማንያዘዋል ከረጢቷን አልነካትም።

«ልጄ» አላት፣ ለስለስ ብሎ፤ «ሕጉን አላወቅሽም። በሰው እጅ የመጣ ጠጠር አንቀበልም። እያንዳንዱ በገዛ እጁ ያምጣ።»

«እንዴት አድርገው ይምጡ?»

«በመንገዱ ነዋ።»

ትጓደድ የቀለደባት መስሏት ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

«ጌታዬ፣ የተሰበረው እኮ መንገዱ ነው።»

 ማንያዘዋል ብዙ ዓመት ክምር ሲለካ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ዘንጉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እስቲ ልጠይቅልሽ» አላትና ወደ ሊቀ ጠጠር ሄደ።

ሊቀ ጠጠር ነገሩን እያንዳንዱን ቃል ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙት።

«ያሳዝናል» አሉ። «እጅግ ያሳዝናል። ግን አስበው፣ ማንያዘዋል። ስብራቱ እሷ እንደምትለው ቢከፋ ኖሮ፣ የተጎዳው ሰው ሁሉ ጠጠሩን ይዞ ጎርፎ በመጣ ነበር። አንድም ሰው አልመጣም። ይህ ምን ያሳያል?»

«ሊቀ ጠጠር፣ መምጫ ስለሌላቸው እኮ ነው።»

«እሷ በምን መጣች?»

«ዞራ።»

«ይዙሩዋ! ከልቡ የተቸገረ ይዞራል። ደግሞስ ዛሬ ለእሷ ከረጢት ከተቀበልን ነገ የአህያ ጭነት ይመጣል። ይህን ሕግ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ እኔ ላስታውስህ?»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ማንያዘዋልን ያዘችው። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። ልጁን ሰው ፊት የሚነቅፍ አባት ማን ነው?

ሲመለስ ሽበሺን ገመድ ሲነክር አገኘው። ሽበሺ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ እጁ እስከ ክርኑ በቀለም የጠቆረ ሰው ነበር።

«ጉሮሮ ድረስ ወርደህ ታይልኝ ይሆን?» አለው ማንያዘዋል።

«ጋሽ ማንያዘዋል፣ ካዘዙኝ እወርዳለሁ። ግን ክምሩ የት አለ? አምና ክምር የሌለውን የንብ ሰፈር ድልድይ በራሴ ፈቃድ ብጠግን ያልሰደበኝ ሰው አልነበረም። የእኛን ትቶ፣ ዘመዱ አለበት፣ ተባልኩ። እኔ ደሞዝ የለኝ፣ ስድቡ ይቅርብኝ። ጠጠር ያሳዩኝ እንጂ አሁኑኑ መሮዬን አነሣለሁ።»

ማንያዘዋልም ወደ ትጓደድ ተመልሶ አይሆንም አላት። እሷ አልጮኸችም፤ አልተሳደበችም። ከችካሏ አጠገብ ተቀመጠች። ሰው ያልፋል፤ አንዳንዱ ቆም ብሎ «ጉሮሮ የት ነው?» ይላል። ስትነግረው «እዚያ ሄጄ አላውቅም፤ ያልደረሰብኝን ነገር ደረሰብኝ ብዬ ጠጠር ብጥል ውሸት ይሆንብኛል» ይልና ወደ ጥቁሩ ገመድ ክምር ያልፋል። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው ነበር የአናት ሰው።

ጨረቃዋ መጉደል ስትጀምር ትጓደድ ማንያዘዋልን ጠራችው።

«ጌታዬ፣ እርስዎ የአገሩ ሰው አይደሉም?»

«ነኝ እንጂ።»

«መንገዱስ የእርስዎም አይደለም?»

«የሁላችንም ነው።»

«እንግዲያው እርስዎም አንዲት ጠጠር አለዎት። እርስዎ አንዲት ቢጥሉ ይህ ሰውዬ ችካሌን አይነቅለውም። ሰውም እርስዎን አይቶ ይጥላል፤ ያከብሩዎታል።»

ማንያዘዋል ዙሪያውን ተመለከተ። ይርዳው በአቅራቢያው ቆሞ ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል። ጥላ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ወደ እነሱ እየተመለከቱ ነው። ብጥል ምን ይሉኛል? ለኪው አዳላ፣ እንዲህ ይባላል። ያ ሁሉ ዘመን የጠበቅሁት ስም በአንዲት ጠጠር ይሄዳል። እንዲህ አሰበና ፊቱን ኮስተር አድርጎ፦

«ለኪ ጠጠር አይጥልም፤ በሕግ ተከልክሏል» አላት።

እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም። እሱ ያውቃል፤ ይርዳው ያውቃል፤ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። የማታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እሷም አመነችው። «ይቅርታ፣ አላወቅሁም» ብላ አንገቷን ደፋች። ማንያዘዋል የዚያን ዕለት የቀረበለትን ምሳ መዋጥ አቃተው፤ ሚስቱ ሕመም መሰላት።

ይርዳውም ቀኑ ሲደርስ ቆቡን አወለቀ፣ እጅ ነሣ፣ በሰላም ይረፍ አለና ችካሉን ነቀለው። ትጓደድ ከረጢቷን መልሳ ጉያዋ ከተተች። ስትሄድ ለማንያዘዋል እንዲህ አለችው፦

«ይንገሩኝ ጌታዬ፣ ተሳስቼ እንዳልነግራቸው። በገዛ እጃቸው ካመጡ ይቀበሏቸዋል?»

«እንዴታ!» አላት። «በገዛ እጃቸው ካመጡማ ማን ይከለክላቸዋል።»

ይህን ሲል ቀለል አለው። አንድ ደግ ቃል ተናግሮ የሸኛት መሰለው።

ከዚያ በኋላ ወራት አለፉ። ገመዱ ከአናት ተነሥቶ ቁልቁል እየጠቆረ ወረደ። ሰው ማታ ማታ ሊንሸራሸር ወጥቶ እያየ «አሁን ዓይን አረፈ» ይላል። ሽበሺና ጓደኞቹም ገመዱን እየነከሩ ቁልቁል ወርደው ማንም የማይደርስበትን የመንገዱን ጫፍ ደረሱ። የመጨረሻውን ክንድ ሊነክሩ ጎንበስ ሲሉ ከጉሮሮ ሥር ለቅሶ ሰሙ።

ሽበሺ በማግስቱ ረፋድ ላይ አደባባይ ሲደርስ እጁ እንደጠቆረ ነበር። ማንንም ሰላም ሳይል በቀጥታ ወደ ማንያዘዋል መጣ።

«ጋሽ ማንያዘዋል፣ ሰው ወድቋል።»

«ምን ሰው?»

«የእግር ሥር ሰው፣ ባይለየኝ ይሉታል። በተሰበረው መሰላል ሊወጣ ሲል የያዘው እርከን ከዳው። ወንዶቹ ሁሉ ሊወጡ ተሰልፈው ነበር አሉ። እሱ ቀድሞ ወጥቶ ገመድ ሊያስርላቸው ነበር።»

«ምን ሊያደርጉ ነው የሚወጡት? እብድ ናቸው?»

ሽበሺ መሬት መሬቱን አየ።

«ጠጠር ሊጥሉ ነዋ፣ ጋሼ። በገዛ እጃችሁ ካመጣችሁ እንቀበላለን ተብለናል አሉኝ። የባይለየኝን እጅ ሲከፍቱት ጠጠሩን እንደያዘ ነበር። በሁለት እጁ ቢይዝ ኖሮ…» አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው።

 ማንያዘዋል ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ምድር ግን አልተከፈተችም። የወይራውን ዘንግ እዚያው ጥሎ ሽበሺን ተከትሎ ወረደ። በሹመት በኖረበት ዘመን ሁሉ መንገዱን እስከ መጨረሻው ሲሄድበት ይህ የመጀመሪያው ነበር። በየመታጠፊያው የማያውቀውን ስብራት አየ፤ ችካል ተተክሎለት የማያውቅ፣ ሰው እየዘለለና እየተንፏቀቀ የለመደውን ስብራት። ጉሮሮ ሲደርስ ሽበሺ በገመድ ወገቡን አስሮ አወረደው። ሽማግሌ ነውና ጉልበቱ እየተላጠ፣ ቆቡም ወድቆበት ወረደ።

ሐዘን የተቀመጡት ዋርካ ሥር ነበር። ትጓደድ አየችው፤ ወዲያው አወቀችው። የሐዘንተኛ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታለች። አልተነሣችለትም።

ማንያዘዋል ቆሞ ቃል ፈለገ። መንገድ ላይ ያዘጋጀው ብዙ ነበር፤ ስለ ሕጉ፣ ስለ ሊቀ ጠጠር፣ ስለ አህያ ጭነቱ። አንዱም ከአፉ አልወጣ አለ።

«ዋሽቼሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ለኪ ጠጠር አይጥልም የሚል ሕግ የለም። መጣል እችል ነበር።»

 ዓይናቸው የማያየው አባ መንክር ድምፁ ወደመጣበት ፊታቸውን አዞሩ።

«ለምን ዋሸኸኝ?» አለች ትጓደድ። አንቱታው ቀርቷል። በአናት ያን ያህል ዘመን አንተ ያለው ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን ጆሮው የተገባውን እንደሰማ አወቀ።

«ያዳላ እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

«ለማን ያዳላ?»

«ለአንቺ።»

 ቁጣ ሲጠብቅ ቁጣ አልመጣም፤ ቁጣ ቢመጣ ይቀለው ነበር።

«እኔ አምኜህ ነው የተመለስኩት» አለች። «ለባይለየኝ የነገርኩት እኔ ነኝ። ‹ሰውየው ደግ ነው፤ ሕግ ከለከለው እንጂ ራሱ ይጥልልን ነበር፤ በእጃችሁ ካመጣችሁ ይቀበላችኋል› አልኩት። ያንተን ውሸት በእኔ አፍ ሰማ፤ አሁን ይህን የት ላድርገው?»

 በጉልበቱ ሊንበረከክ ሲል እጇን አነሣች።

«ተው። ይቅርታ ለመስጠት ጊዜ የለኝም፤ ሽታዬ ዳግም ወራቷ ገብቷል። ያ ሰውዬ ከላይ እንጨት እያወረደ ነው፤ የሚቀበለው የለም። ሂድና ተቀበለው።»

ሄዶ ተቀበለ። ሽበሺ ከላይ፣ ማንያዘዋልና የእግር ሥር ወንዶች ከታች ሆነው የበሰበሰውን እየነቀሉ አዲስ እርከን መቱ። ማንያዘዋል መዶሻ በወጉ መያዝ አይችልም ነበርና ጣቱን እየመታ ተማረ። መሰላሉ ሳምንት ሳይሞላ ቆመ። አንዱን የመደገፊያ ገመድ ጥቁር ለመንከር የፈጀው ጊዜ ከዚህ ይበልጥ ነበር። ሽበሺ ሥራው ሲያልቅ ይህን አስቦ መሰለኝ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ብዙ ቆየ። ሽታዬም በአዲሱ መሰላል ተደግፋ ወጥታ በሰላም ተገላገለች።

በአናት ግን ወሬው ከተሰማ ወዲህ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ሕዝቡ በሐዘን ተመታ። የትጓደድ ችካል ተነቅሎ የቀረችው ጉድጓድ ላይ አንዱ ጠጠር ጣለ፤ ሌላውም ጣለ። ጉሮሮ የት ነው ሲል የነበረው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ጣለ። አዝማሪዎቹ ያለ ማንም ጥሪ መጥተው አንጀት የሚበላ ሙሾ አወጡ። ክምሩ ከጥቁሩ ገመድ ክምር በለጠ፤ ከአደባባዩ ዋርካ ቅርንጫፍም ደረሰ። ሊቀ ጠጠር ክምሩ ላይ ወጥተው፣ ካባቸው እየተንሿሿ፦

«ወገኖቼ! ሕጋችን ሠራ! ሕዝብ ያሰበበት ነገር ምን ጊዜም ከፍ ይላል!» አሉ።

መሰላሉ ያን ጊዜ ተሠርቶ አልቋል። ክምሩ የሚያሠራው ነገር አልነበረም። የቆመ ክምር ደግሞ ሳይፈጸም መቅረት አይችልም፤ ሕግ ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩና መላ አገኙ። መሰላሉ ስም ይውጣለት፤ በሽምግልናው ወርዶ በእጁ የሠራው ሰው አለ፤ ስሙ የማንያዘዋል መሰላል ይባል።

ማንያዘዋል ይህን ሲሰማ እየሮጠ ወጣ። አደባባዩ መካከል ቆመና ያደረገውን ሁሉ በሰው ፊት ተናገረ፤ ውሸቱን፣ ፍርሃቱን፣ የሟቹን እጅ። «በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ፣ ስሜን አትትከሉበት» ብሎ ለመነ። ሰዉ አለቀሰ። «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» ተባባለ፤ ክምሩም በዚያው ቀን ይብሱን ጨመረ። ሽበሺ ብቻ ከዳር ቆሞ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ስሙን በወፍራም የዝግባ ጣውላ ላይ ቀርጸው ከጉሮሮ አፍ ላይ ቸነከሩት።

ማንያዘዋል ሹመቱን ተወ፤ ሚስቱን ይዞም እግር ሥር ወርዶ ጎጆ ቀለሰ። ጠጋኝ ሆነ። ትጓደድ አልፋ ስትሄድ ሰላም ትለዋለች፣ ከሰላምታ አታልፍም። አንድ ቀን ብቻ እርከን ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆመች። ወደ ጣውላው ቀና ብላ አየችና፦

«እኛ ለምነን ከለከሉን፤ አንተ አልፈልግም ብለህ ለምነህ ሰጡህ» አለችው።

«ልንቀለው?» አላት። «አንቺ በይ እንጂ ዛሬውኑ እነቅለዋለሁ።»

«ተወው» አለች። «ብትነቅለው ሌላ ክምር ይሠሩልሃል።»

ጣውላው ስለዚህ ቀረ። የአናት ሰዎች ዛሬም እንግዳ ሲመጣባቸው ጉሮሮ ድረስ ይወስዱና ጽሑፉን ያነቡለታል፤ እንግዳውም ይደነቃል። ማንያዘዋል በሕይወት ሳለ እንዲህ ያሉ ጎብኝዎች ሲመጡ ከሎሚው ማሳ ውስጥ ገብቶ እስኪሄዱ ይቀመጥ ነበር ይባላል።

እግር ሥሮች ግን ማንበብ ብዙም አይወዱም። ሸክም ይዘው ሲወጡ፣ ልጅ አዝለው ሲወርዱ፣ ባይለየኝ የወደቀበት እርከን ጋ የደረሰው ለሚከተለው አንዲት ቃል ያቀብላል፦ «ባይለየኝን አጥብቀህ ያዝ» ይለዋል። ከጊዜ በኋላ እርከኑ ራሱ በዚህ ስም ተጠራ። ማንያዘዋልም አርጅቶ፣ ዓይኑ ፈዝዞ፣ ሰው ክንዱን ይዞ ሲያወጣው እጁን ወደ መሰላሉ ይዘረጋና፣ ከማንም ቀድሞ፣ ይህንኑ ቃል ለራሱ ይለው ነበር፤ በሁለት እጁም ይይዝ ነበር።

እኔ የሰማሁት እስከዚህ ነው፤ ከዚህ የቀረውን የወረደበት ይንገራችሁ።